መጠለያ ከመክፈታችሁ በፊት መውጫውን አዘጋጁ፦ ከሐዋሳ የተገኘ ልምድ

ይህን የምንጽፈው በሐዋሳ በረንዳ ላይ የሚያድሩ ሰዎችን በማስጠለል፣ በማሳከምና መታወቂያ በማስወጣት ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ነን። የምንጽፈውም ይህንኑ ሥራ ለመጀመር ለሚያስቡ የእድር ዳኞች፣ ለቤተ ክርስቲያንና ለመስጊድ ወጣቶች፣ ለቀበሌና ለክፍለ ከተማ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኞች ነው። ብዙ ጊዜ የምንጠየቀው ስለ አልጋና ስለ ምግብ ነው። ሥራውን የሚጥለው ግን የአልጋ ማነስ አይደለም፤ የገባው ሰው የሚወጣበት መንገድ አለመኖሩ ነው። 40 አልጋ ያለው ቤት 40 ሰው አስገብቶ ይሞላል፤ መውጫ ካልተዘጋጀ 41ኛው ሰው ዓመቱን ሙሉ በር ላይ ቆሞ ይመለሳል። ከተማዋም «መጠለያ አለን» እያለች በረንዳው እንደ ድሮው ሰው ያድርበታል።

በመጀመሪያ መቁጠር

ቆጠራ የሌሊት ሥራ ነው። ትክክለኛው ሰዓት ከሌሊቱ 5 እስከ 9 ነው። ከዚያ በፊት በረንዳ ላይ የተቀመጠው ሁሉ እዚያ የሚያድር አይደለም። ከ10 ሰዓት በኋላ ደግሞ በመናኸሪያ ዙሪያ የሚያድሩት ተነስተው ከማለዳ አውቶቡሶች ሸክም ፍለጋ ሄደዋል። አንድ ቡድን 3 ሰው ይበቃዋል፤ ከሦስቱ አንዷ ሴት ትሁን፤ አንዱ ደግሞ ራሱ ጎዳና ላይ ኖሮ የወጣ ቢሆን ሥራው በግማሽ ይቀላል፤ ማን የት እንደሚተኛ ያውቃልና። ባትሪ ፊት ላይ አይበራም፣ የተኛ አይቀሰቀስም፣ ፎቶ አይነሳም። ወረቀቱ ላይ አምስት ዓምድ ይበቃል፦ አዋቂ ወንድ፣ አዋቂ ሴት፣ ከ18 ዓመት በታች ብቻውን ያለ፣ ከእናቱ ጋር ያለ ሕፃን፣ እና በግልጽ የታመመ።

በሐዋሳ መናኸሪያው፣ ፒያሳ፣ አረብ ሰፈር፣ ትልቁ ገበያ፣ የቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ እና አሞራ ገደል መታየት አለባቸው። እያንዳንዱ ቦታ የየራሱ ሰው አለው። መናኸሪያው ላይ የምታገኙት በአብዛኛው ተሸካሚ ወጣት ነው። በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር አረጋውያን፣ ሕመምተኞችና ልጅ የታቀፉ እናቶች ይበዛሉ። ከምግብ ቤቶች ጀርባ ያሉት ቡሌ፣ ማለትም የምግብ ትራፊ፣ የሚጠብቁ ልጆች ናቸው። አንድ ዓይነት አገልግሎት ለሁሉም አይሆንም፤ መለየት የሚጀመረውም ከዚህ ነው።

ቆጠራው በሁለት የተለያዩ ሌሊቶች ይደገም፤ አንዱ በሥራ ቀን፣ አንዱ ቅዳሜ ሌሊት። በታኅሣሥ 19 እና በሐምሌ 19 ሰሞን ግን አትቁጠሩ። ለገብርኤል ንግሥ ከየአገሩ የሚመጣው ምዕመን ብዙ ስለሆነ፣ ምጽዋት ፈልገው አብረው የሚመጡትም ቁጥሩን ያዛቡታል። በእነዚያ ቀናት የተቆጠረ ቁጥር ይዞ በጀት የጠየቀ ሰው በየካቲት ባዶ አልጋ ያገኛል።

ከቆጠራው ጋር አንድ ነገር አጥብቃችሁ ያዙ፦ አዲስ መጤውን ለዩ። ከገጠር ከመጣ ገና ቀናት የሆነው ሰው የዘመድ ስልክ በቃሉ ያስታውሳል፣ ልብሱ ደህና ነው፣ ማስቲሽ (የጫማ ማጣበቂያ) መሳብ አልጀመረም፣ ቤተሰቡም ገና እየፈለገው ነው። ለእሱ የሚያስፈልገው አንድ የስልክ ጥሪና የትራንስፖርት ገንዘብ ሊሆን ይችላል። ያው ሰው ወራት ካለፉት በኋላ የሚያስፈልገው ብዙ እጥፍ ነው። ስለዚህ በየማታው መናኸሪያ ላይ የሚቆም አንድ ሰው መመደብ አሥር አልጋ ከመጨመር ይሻላል ብለን እናምናለን።

ሰዎቹን ወደ መጠለያ ለመጋበዝ አትቸኩሉ። ቢያንስ ሦስት ሌሊት ሻይና ዳቦ ይዛችሁ ሂዱ፣ ስማችሁን ንገሩ፣ ስማቸውን ያዙ። በጎዳና ያለ ሰው አፈሳን ያውቃል፤ በመኪና ተጭኖ የከተማ ዳር ላይ የተጣለ ሰው ለሁለተኛ ጊዜ በቀላሉ መኪና ላይ አይወጣም። ስለዚህ የመጠለያው ሰው ከአፈሳ መኪና ጋር አንድ ጊዜ እንኳ አብሮ መታየት የለበትም። ከበዓል በፊት «አብራችሁን ውጡ» የሚል ጥያቄ ሊመጣ ይችላል፤ በጽሑፍ እምቢ ማለት ይሻላል። በአንድ ሌሊት የጠፋ እምነት በወራት አይመለስም።

ቤቱ

መለኪያችን ለአስቸኳይ መጠለያ በዓለም የሚሠራበት ዝቅተኛ ልክ ነው፦ ለአንድ ሰው 3.5 ካሬ ሜትር የመኝታ ቦታ፣ በቀን 15 ሊትር ውኃ፣ ለ20 ሰው አንድ መጸዳጃ። ለ40 ሰው ሲሰላ 140 ካሬ ሜትር፣ 600 ሊትር ውኃ እና 2 መጸዳጃ ይሆናል። ሴቶች ካሉ ግን 2 አይበቃም፤ የሴቶቹ ለብቻው፣ በውስጥ በኩል የሚቆለፍ፣ ሌሊት መብራት ያለው ሦስተኛ መጸዳጃ ያስፈልጋል። ውኃ በፈረቃ ሲመጣ ለ3 ቀን የሚሆን ክምችት ማለት 1,800 ሊትር ነው፤ ባለ 1,000 ሊትር ሁለት ሮቶ ይይዘዋል። በወር ለአንድ ሰው 250 ግራም የገላና 200 ግራም የልብስ ሳሙና ይታሰብ፤ ለ40 ሰው 10 እና 8 ኪሎ ነው። ሳሙና ሁልጊዜ ከበጀት ላይ መጀመሪያ የሚቀነሰው ነገር ነው፤ እከኩ ሲመለስም ምክንያቱ ይኸው ነው።

አልጋው ተደራራቢና የብረት ይሁን። የእንጨት አልጋ ስንጥቅ የትኋን ቤት ነው፤ አንዴ ከገባ ለማውጣት እንጨቱን ማቃጠል ይቀላል። ፍራሹ በሸራ የተለበጠ፣ በጨርቅ ተወልውሎ የሚደርቅ መሆን አለበት። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር አካባቢ ያለች የሐይቅ ዳር ከተማ ስለሆነች ወባ አለ፤ በተለይ ከመስከረም እስከ ኅዳር። አጎበር ለተደራራቢ አልጋ ሲሰቀል ላይኛውና ታችኛው ለየብቻ መሆን አለበት። አንዱን አጎበር ለሁለቱ ለመዘርጋት የሚደረገው ሙከራ ታችኛውን ሰው ክፍት ያስቀረዋል።

ከአልጋ እኩል የሚያስፈልገው ቁም ሳጥን ነው። ትንሽ፣ ግን ቁልፍ ያለው። ሰው ወደ መጠለያ የማይገባበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ዕቃው እንዳይጠፋ መፍራቱ ነው። አንድ ሊስትሮ ሳጥኑን፣ አንድ ሚዛን አስመዛኝ ሚዛኑን፣ አንዲት እናት የልጇን የክትባት ካርድ የምታስቀምጥበት ከሌላት በር ላይ ትመለሳለች። የሚገባ ዕቃ ይመዘገብ፣ ደረሰኝ ይሰጥ።

የበሩ ሰዓት ብዙ መጠለያዎች የሚሳሳቱበት ነው። «ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ አይገባም፣ ጠዋት 1 ሰዓት ይከፈታል» የሚል ደንብ በወረቀት ላይ ያምራል። ነገር ግን አውቶቡሶች የሚነሱት 11 ሰዓት ንጋት ላይ ነው፤ ተሸካሚው 10 ሰዓት ላይ መናኸሪያ ካልደረሰ የቀን ገቢው ጠፋ። በዚህ ደንብ የምታጡት ለመውጣት ቅርብ የሆነውን፣ ሠርቶ የሚበላውን ሰው ነው። በሩ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ይከፈት፣ ሻይና ዳቦም በዚያ ሰዓት ይዘጋጅ። ማታ ለሚያመሹት ደግሞ ስማቸው በር ላይ ባለው መዝገብ ይያዝ፤ የተመዘገበ ሰው እስከ ሌሊቱ 5 ሰዓት ይግባ። የሌሊት ጠባቂዎች ሁለት ሆነው አንዷ ሴት ትሁን።

የመጀመሪያው ሌሊት

ቅደም ተከተሉ ዋጋ አለው፦ ውኃ፣ ሻይና ዳቦ፣ ስም፣ ገላ መታጠብ፣ ንጹሕ ልብስ፣ እንቅልፍ። ረጅሙ ፎርም በማግሥቱ ይሞላል። ደክሞ የመጣ ሰው በር ላይ 30 ጥያቄ ሲጠየቅ የሚመልሰው የመሰለውን ነው፤ ያ የተሳሳተ መልስ ደግሞ ለወራት ፋይሉ ውስጥ ይኖራል፣ በኋላ ቤተሰብ ስትፈልጉ ያሳስታችኋል። ለቀናት እህል ያልቀመሰ ሰው ካለ በአንዴ ጠግቦ እንዳይበላ፤ ትንሽ ትንሽ በየሁለት ሦስት ሰዓቱ ይሰጠው፣ ከደከመም ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

የልብስ ቅማል ከራስ ቅማል የተለየ ነው። የሚኖረው ገላ ላይ ሳይሆን በልብስ ስፌት ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ሰውየውን አጥቦ ያንኑ ልብስ መልሶ ማልበስ ከንቱ ነው። ልብሱ በበርሜል ውኃ ይቀቀል፤ ከ54 ዲግሪ በላይ ሙቀት ለ5 ደቂቃ ቅማሉንና እንቁላሉን ይገድላል፤ መፍላቱ ደግሞ ከዚያ በላይ ስለሆነ መለኪያ አያስፈልግም። ኮትና ብርድ ልብስ የመሰለ የማይቀቀል ነገር በላስቲክ ውስጥ ጥብቅ ተደርጎ ታስሮ ለ2 ሳምንት ይቆይ። የባለቤቱን ስምና ቀኑን ላስቲኩ ላይ ጻፉ። ልብሱን አታቃጥሉ፤ ለእናንተ ጨርቅ ቢመስል ለእሱ ያለው ሁሉ ነው።

ለቅማል የምንጨነቀው ለንጽሕና ብቻ አይደለም። በቅማል የሚተላለፈው ግርሻ፣ ማለትም ተመላላሽ ትኩሳት፣ እና ተስቦ ሰው በተጨናነቀበት ቦታ በፍጥነት ይዛመታሉ። ከፍተኛ ትኩሳት፣ ብርቱ ራስ ምታትና ቁርጥማት ያለበት ሰው ልብሱ ላይ ቅማል ከታየ ጠዋትን ሳይጠብቅ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። መድኃኒት ገዝታችሁ ራሳችሁ አትስጡ። በግርሻ የታመመ ሰው የመጀመሪያውን መድኃኒት በወሰደ በሰዓታት ውስጥ ብርቱ ማንቀጥቀጥና የደም ግፊት መውረድ ሊያጋጥመው ስለሚችል በባለሙያ ዓይን ሥር መሆን አለበት።

እከክ ሌላው ነው። ስህተቱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ የሚያክከው ሰው ብቻ ይታከማል። በአንድ ክፍል የሚያድሩት ሁሉ በአንድ ሌሊት ከአንገት እስከ እግር ጥፍር ቅባቱን ካልተቀቡ፣ በዚያው ቀን አንሶላው ካልተቀየረና ከ7 ቀን በኋላ ካልተደገመ ይመለሳል። ከሕክምናው በኋላ ለሳምንታት ማከኩ ሊቀጥል እንደሚችል አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ አለዚያ መድኃኒቱ አልሠራም ብለው ይተዉታል።

ከሲዳማና ከወላይታ ገጠር የሚመጡ ልጆች እግራቸው ላይ ሙጀሌ ይኖራል። በአንድ መርፌ ለአምስት ልጅ ማውጣት ደም ወለድ በሽታ ማዛመት ነው። ንጹሕ መርፌ ለየሰው፣ ቁስሉ ይታጠብ፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ይጠየቅ፣ ከሁሉ በላይ ጫማ ይሰጥ። ባዶ እግሩን ከተመለሰ በሳምንቱ እዚያው ነው።

ከ2 ሳምንት በላይ ያሳለ ሰው አክታው ይመርመር። የሳንባ ነቀርሳ ምርመራና መድኃኒት በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ነው፤ ሕክምናው በተለመደው መልኩ 6 ወር ይፈጃል። ነቀርሳ የተገኘበትን ሰው ከመጠለያ ማስወጣት ከስህተት ሁሉ የከፋው ነው፤ መድኃኒቱን አቋርጦ፣ መድኃኒት የተለማመደ በሽታ ይዞ ከተማ ውስጥ ይዞራል። በመስኮት አጠገብ፣ ከሕፃናትና ከኤችአይቪ ታማሚዎች ርቆ፣ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ለብቻው ይተኛ። መድኃኒቱን በየቀኑ ሲውጥ የሚያይ አንድ ሰው ይመደብለት። በጎዳና ያለ ሰው ይህን ሕክምና መጨረስ የሚከብደው አድራሻ ስለሌለው ነው፤ መጠለያው ለ6 ወር አድራሻ መሆን ይችላል።

ጥቃት የደረሰባት ሴት ስትመጣ ሰዓት ይቆጠራል። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት መጀመር ያለበት ከ72 ሰዓት በፊት ነው፤ በቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል። ገላዋን ሳትታጠብ፣ ልብሷን ሳትቀይር ወደ ሆስፒታል ትሂድ፤ የምትቀይረው ልብስ ግን ይዘንላት እንሂድ። ፖሊስ ጋ ለመክሰስ መወሰን የሷ ነው፤ ሕክምናውን የክስ መያዣ አታድርጉት።

ምግብ

ለአንድ አዋቂ በቀን 2,100 ካሎሪ የሚሰጥ የምግብ ስፍር ይህን ይመስላል፦ 400 ግራም እህል፣ 60 ግራም ጥራጥሬ፣ 25 ግራም ዘይት፣ 50 ግራም አልሚ ዱቄት፣ 15 ግራም ስኳር፣ 5 ግራም አዮዲን ያለው ጨው። ለ40 ሰው 16 ኪሎ እህል፣ 2.4 ኪሎ ጥራጥሬ፣ 1 ኪሎ ዘይት፣ 2 ኪሎ አልሚ ዱቄት ማለት ነው። ጤፍ በየቀኑ አይቻልም፤ የበቆሎ ቂጣ፣ ዳቦ፣ ቅንጬ፣ ቆጮ ይፈራረቁ። በአንድ ማዕድ ኦርቶዶክሱም ፕሮቴስታንቱም ሙስሊሙም ስለሚቀመጥ ረቡዕና ዓርብ ለሁሉም የጾም ሽሮ ወይም ክክ ማድረግ ያስማማል፤ በረመዳን ደግሞ የጿሚው ድርሻ ለማፍጠሪያ ይቀመጥለት።

ሆቴሎች ትራፊ ሲሰጡ አትናቁ፤ ግን የሥጋና የወተት ነገር አትቀበሉ፤ ከምድጃ ከወረደ 2 ሰዓት ያለፈውን አትውሰዱ፣ የወሰዳችሁትንም እንደገና አፍሉት። የሰርግና የተዝካር ምግብ ቅዳሜና እሑድ በብዛት ይመጣል፤ ማክሰኞ ግን ማንም አያመጣም። የበጎ አድራጊዎችን ቀን በሰሌዳ ላይ መድቡ፣ «ማክሰኞ እና ሐሙስ ባዶ ናቸው» ብላችሁ በግልጽ ንገሯቸው።

ከእናቱ ጋር የመጣ ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለ ሕፃን ክንዱ በመለኪያ ክር ይለካ። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ከባድ የምግብ እጥረት ነው፤ ገንፎ አይፈታውም፣ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ወረቀት

እዚህ ላይ እንቆይ፤ መውጫው የሚሠራው በዚህ ነው። መታወቂያ የሌለው ሰው የባንክ ሒሳብ አይከፍትም፣ ሲም ካርድ አያወጣም፣ ፋብሪካ አይቀጠርም፣ ቤት የሚያከራየው የለም። የቀበሌ መታወቂያ ለማውጣት ደግሞ ከቀድሞው ቀበሌ መሸኛ ይጠየቃል። መሸኛውን ለማምጣት ትራንስፖርት፣ እዚያ ሲደርስም የሚያውቀው ሰው ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የተቀመጠው በዚህ ሽክርክሪት ውስጥ ነው።

የሚቀለው በር ፋይዳ ነው። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ከወጣ ወዲህ ሰነድ የሌለው ሰው በምስክር መመዝገብ ይችላል፤ ምስክሩ ራሱ ፋይዳ ያለው ሰው ይሁን። ምዝገባው በነፃ ነው። ሲሄዱ የሚያጋጥሙት እንቅፋቶች ሁለት ናቸው። አንደኛ፣ የተሸካሚዎችና የሲሚንቶ ሠራተኞች የጣት አሻራ ተፍቆ መሣሪያው አያነብም። ከሁለት ሦስት ቀን በፊት ጀምሮ ማታ ማታ እጃቸውን ታጥበው ቫዝሊን ይቀቡ፤ እንቢ ቢል መዝጋቢው የዓይን ብሌንና ፎቶ ስለሚያነሳ ተስፋ ቆርጠው እንዳይመለሱ አብራችኋቸው ቁሙ። ሁለተኛ፣ ባለ 12 አሃዙ ቁጥር የሚመጣው በስልክ መልእክት ነው፤ የጎዳና ሰው ስልክ ደግሞ ዛሬ አለ ነገ የለም። ቁጥሩ እንደደረሰ በፋይሉ ላይ ይጻፍ፣ ለባለቤቱም በወረቀት ይሰጠው።

ስም ሲመዘገብ ከአያት ጋር ሙሉ ይሁን፤ አጻጻፉም በጤና ካርዱ፣ በፋይዳውና በባንኩ አንድ ይሁን። «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» የተባለ አንድ ሰው ባንክ መስኮት ላይ ሁለት ሰው ሆኖ ያገኛችሁታል።

ደብዳቤ ወደ ትውልድ ቦታ ስትጽፉ ክልሉን አጣሩ። ሲዳማ በሰኔ 2012 ዓ.ም. ክልል ሆኗል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ወላይታና ጌዴኦ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፣ ሀዲያ፣ ከምባታና ስልጤ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ናቸው። በድሮው የደቡብ ክልል አድራሻ የተላከ ደብዳቤ መልስ አያመጣም። ደብዳቤው ለዞኑ ወይም ለወረዳው ሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ይጻፍ፣ በእጅ ይላክ፣ የተቀበለው ሰው ስልክ ይያዝ።

ሕክምናን በተመለከተ ነቀርሳ፣ የኤችአይቪ መድኃኒት፣ ወሊድና ክትባት ያለ ክፍያ ናቸው። ለሌላው በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን የድሃ ድሃ ዝርዝር ውስጥ መግባት አለበት፤ ዝርዝሩን የሚያወጣው ቀበሌ ነው፣ በየዓመቱም ይታደሳል። የምዝገባው ጊዜ ሳይዘጋ የ40ውን ስም ይዛችሁ ድረሱ። ዝርዝሩ ካለፈ የነፃ ሕክምና ደብዳቤ ለየሰው ማጻፍ ነው፤ ይህ አንድ ሠራተኛ ሙሉ ቀኑን የሚበላ ሥራ ነው።

የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት በ2009 ዓ.ም. ሲጀምር ሐዋሳና አዳማ ከመጀመሪያዎቹ 11 ከተሞች መካከል ነበሩ። ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያውቀው የጽዳትና የድንጋይ ሥራውን ነው፤ በጎዳና ላይ ለሚኖሩ የተለየ ክፍል እንዳለው ግን ብዙዎች አያውቁም። መጠለያችሁ ከከተማው ማኅበራዊ ጉዳይ ጋር በስምምነት ከሠራ፣ የእናንተ ፋይል ለምልመላው መነሻ ሊሆን ይችላል። ለዚህም ነው ቀን፣ ቦታና ፊርማ ያለው ንጹሕ መዝገብ መያዝ የሚያስፈልገው።

ልጆችና ሕመምተኞች

ብቻውን የመጣ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ከአዋቂ ጋር በአንድ ክፍል አያድርም፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም። ልጆች በቡድን ነው የሚኖሩት፤ አንዱን ነጥላችሁ ብትወስዱ ማታውን ጓደኞቹን ፍለጋ ይወጣል፤ ሁሉንም አንድ ላይ ጋብዟቸው። ማስቲሽ የሚስብ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይበሳጫል፣ እንቅልፍ ያጣል፤ ይህን እንደ ጥጋብ ቆጥሮ ማባረር ልጁን መልሶ ለማስቲሹ መስጠት ነው። ቀኑን በኳስ፣ በገላ መታጠብና በምግብ ሙሉለት።

ልጅ «ከየት መጣህ?» ሲባል የቅርቡን ከተማ ይጠራል፤ «ሶዶ» ይላችኋል፣ ሰፈሩ ግን ከሶዶ ብዙ ይርቅ ይሆናል። ቀበሌ አትጠይቁት። ገበያው የሚውለው በምን ቀን እንደሆነ፣ የገበያውን ስም፣ የትምህርት ቤቱን ስም፣ ውኃ ከየት እንደሚቀዱ፣ አባቱ በሰፈር የሚጠራበትን ስም ጠይቁት። በአፍ መፍቻው በሚናገር ሰው ይጠየቅ፤ በወላይትኛ ወይም በሲዳምኛ የሚነግራችሁ በአማርኛ ከሚነግራችሁ ይበዛል። ገጠር ቀበሌ ውስጥ በቀላሉ የምታገኙት ሰው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት፤ ቤት ለቤት ስለምትዞር ቤተሰቡን ታውቃለች።

ቤተሰቡ ተገኘ ማለት ልጁ ይመለስ ማለት አይደለም። ለምን እንደወጣ ሳይታወቅ የተመለሰ ልጅ ከእናንተ ቀድሞ ሐዋሳ ይደርሳል። እንጀራ አባት መትቶት ከሆነ አክስት ወይም አያት ይፈለግ። የትምህርት ቤት መግቢያ፣ ደብተርና የደንብ ልብስ አብሮ ይሂድ፤ በ2ኛው ሳምንት፣ በ1ኛው፣ በ3ኛውና በ6ኛው ወር ይደወል ወይም ይጎበኝ።

የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው አይታሰር። ወደ ጠበል መሄድ የሚፈልግ ይሂድ፣ መድኃኒቱን ግን ይዞ ይሂድ። መድኃኒቱ በነርሷ እጅ ይቀመጥ፣ የሚያልቅበት ቀን ከ1 ሳምንት በፊት በሰሌዳ ላይ ይጻፍ፤ ብዙ ጊዜ የሚያገረሸው መድኃኒት አልቆ መሙላቱ ሲዘገይ ነው። ቤተሰብ የሌላቸው አረጋውያንና ጽኑ ሕመምተኞች ቋሚ ቤት እንጂ መሸጋገሪያ አይሆናቸውም። በአዲስ አበባ አቶ ቢንያም በለጠ የመሠረቱት መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል የሚያሳየው ይህ ሥራ ሌላ ዓይነት ሰው፣ ሌላ ዓይነት በጀት እንደሚፈልግ ነው። የመሸጋገሪያ አልጋዎችን በቋሚ ነዋሪ ከመሙላት በፊት የት እንደምታደርሷቸው ተነጋገሩ።

የሰፈሩን እድር አነጋግሩ። በጎዳና ያለ ሰው ከሚፈራው ነገር አንዱ ቀባሪ ማጣት ነው፤ ይህን ደጋግመው ይናገራሉ። እድሩ መጠለያውን እንደ አንድ አባል ቤት ቆጥሮ በየወሩ መዋጮ ቢቀበል፣ ሰው ሲያርፍ ድንኳን ይተከላል፣ በየሃይማኖቱም ይቀበራል። ነዋሪዎቹም በተራቸው ለሌላው ለቅሶ ይወጣሉ፤ ሰፈርተኛው በስም የሚያውቃቸው ከዚያ በኋላ ነው።

መውጫው

ሰው በገባ በ2ኛው ሳምንት «የት ትወጣለህ?» የሚለው ጥያቄ ፋይሉ ላይ መልስ ይኑረው፦ ቤተሰብ፣ ኪራይ ቤት፣ ወይም ቋሚ ማዕከል። የመውጫው ቀን በእርሳስ ይጻፍ፣ በየ2 ሳምንቱ ይታይ።

ለኪራይ ብዙ አከራይ ቅድሚያ ክፍያና ዋስ ይጠይቃል። አንድ ሰው ለብቻው አይችለውም፤ ተስማምተው የሚኖሩ ሦስት ሰዎች አንድ ክፍል ይከራዩ። ሦስቱን እናንተ አትምረጧቸው፤ ራሳቸው ይመራረጡ። ገንዘቡ በቀጥታ ለአከራዩ ይከፈል፦ የ1ኛው ወር ሙሉ፣ የ2ኛው ግማሽ፣ የ3ኛው ሩብ። አከራዩ ችግር ሲኖር የሚደውልበት ስልክ ይሰጠው፤ በተደወለም ቀን ሂዱ። አንድ ተከራይ ኪራዩን ሳይከፍል ጥሎ ከጠፋ ወሬው ሰፈሩን ሁሉ ይዘጋባችኋል። ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ ጀሪካን፣ ድስትና ምድጃ አብሮ ይውጣ፤ ባዶ ክፍል የተሰጠው ሰው ሁለተኛው ሌሊት ላይ ጓደኞቹ ያሉበት በረንዳ ይናፍቀዋል።

በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለወጣት ሴቶች የቅጥር በር ነበር። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. አገራችን ከአጎአ (ምርትን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ገበያ የማስገባት) ዕድል ከወጣች ወዲህ ግን በእሱ ብቻ አትተማመኑ። ለራስ ሥራ መነሻ ስትሰጡ መጀመሪያ ቦታውን አስፈቅዱ። ቦታ ሳይፈቀድለት ቆሎና ማስቲካ የያዘ ሰው ዕቃው በአንድ ቀን ሊወሰድበት ይችላል፤ ያን ጊዜ ዕዳና ኀፍረት ተሸክሞ ይጠፋል። መነሻው በሁለት ጊዜ ይሰጥ፤ የመጀመሪያው በዕቃ፣ ሁለተኛው ከአንድ ወር በኋላ የሒሳብ ደብተሩ ታይቶ። ማንበብ ለማይችል ሰው በመስመር እየጫረ የሚይዘው ሒሳብ ይበቃል።

ከወጣ በኋላ ክትትሉ ለ6 ወር ይቀጥል። የሚጠየቁት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ኪራይ ተከፍሏል ወይ፣ መድኃኒት አልቋል ወይ፣ ማን ጠይቆህ ያውቃል። ሦስተኛው «ማንም» ከሆነ ወደ መጠለያው የእሑድ ምሳ ይጠራ። የተመለሰ ሰው ይኖራል። ሲመለስ አዲስ ፋይል አትክፈቱለት፤ በድሮው ቁጥሩ፣ ካቆመበት ገጽ ቀጥሉ፤ የፋይዳ ቁጥሩ፣ የመድኅን ካርዱና የአከራዩ ስልክ እዚያው ነው ያለው።